የሞተርሆም ኢንሹራንስ ከመግባታችሁ በፊት

ሞተርሆም አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ የውሃ ታንከር፣ ብዙ ጊዜም ሻወርና ሽንት ቤት የያዘ፣ በራሱ ሞተር የሚሄድ መኪና ነው። አርቪ የሚሉትም አሉ። ኢንሹራንሱ ግራ የሚያጋባውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሲነዳ መኪና ነው፣ ሲቆም ቤት ነው። ተራ የመኪና ኢንሹራንስ ውስጡ ስላለው ኑሮ ምንም አያውቅም። የቤት ኢንሹራንስ ደግሞ ጎማ ያለው ነገር ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ሰው "ፉል ኢንሹራንስ አለኝ" ብሎ ተማምኖ ከርሞ፣ ካሳ ሲጠይቅ የሚደነግጠው በሁለቱ መሃል ባለው ክፍተት ሲወድቅ ነው።

እኔ ፖሊሲ፣ ማለትም የኢንሹራንሱን ውል፣ ሳነብ ከፊት አልጀምርም። ከኋላ፣ "የማይሸፈኑ ጉዳቶች" ከሚለው ገጽ ነው የምጀምረው። የፊቱ ገጽ የተጻፈው ለመሸጥ ነው፤ ገንዘባችሁ የት ላይ እንደሚቀር የሚነግራችሁ የኋላው ነው። በየአንቀጹ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይሄ ነገር ሲደርስ መኪናው እየሄደ ነው ወይስ ቆሟል? እየሄደ ከሆነ የቱ አንቀጽ ይከፍላል? ቆሞ ከሆነስ?

መጀመሪያ የያዛችሁትን መኪና እወቁ

በሰሜን አሜሪካ ሞተርሆምን በሦስት ፊደል ይከፍሉታል። ክላስ ኤ አውቶቡስ የሚመስለው ትልቁ ነው። ክላስ ሲ በቫን ወይም በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ቤት ተሠርቶበት፣ ብዙ ጊዜ ከሹፌሩ ራስ በላይ አልጋ ያለው መካከለኛው ነው። ክላስ ቢ ውስጡ ቤት የሆነ ቫን ነው። አዎ፣ ፊደሉና መጠኑ አይገጥሙም፤ ትንሹ ቢ ነው። ኢንሹራንሱ ይሄን የሚጠይቃችሁ ለወግ አይደለም። ትልቅ ከሆነ የሚያደርሰው ጉዳትም፣ የሚጠገንበት ዋጋም፣ የሚጎተትበት መኪናም ሌላ ነው።

ካራቫን ከዚህ ውስጥ አይገባም። ሞተር የለውም፣ በሌላ መኪና ነው የሚጎተተው። እየተጎተተ ሰው ላይ ጉዳት ቢያደርስ ብዙ ቦታ የሚከፍለው የጎታቹ መኪና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ነው፤ ካራቫኑ ራሱ ቢሰበር ግን የራሱ ኢንሹራንስ ከሌለው ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ተገላቢጦሹም አለ። ከትልቅ ሞተርሆም ኋላ ትንሽ መኪና እየጎተታችሁ የምትሄዱ ከሆነ፣ ያቺ ትንሽ መኪና ለብቻዋ ሽፋን ያስፈልጋታል። የሞተርሆሙ ፖሊሲ እሷ ላይ የደረሰውን እንደሚጠግን አድርጋችሁ አትቁጠሩ።

በራሳችሁ እጅ ቫን ገዝታችሁ ቤት እያደረጋችሁ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ተናገሩ። ፖሊሲው ላይ "የጭነት ቫን" ተብሎ ከተጻፈ፣ ኢንሹራንሱ የሚያውቀው ባዶ ቫን ነው። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ሶላሩ፣ ኢንቨርተሩ፣ ያ ሁሉ ቅዳሜና እሁድ ያለቀበት ሥራ በወረቀቱ ላይ የለም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ስለ ለውጡ ስላልነገራችኋቸው ጠቅላላ ፖሊሲውን ሊያፈርሱት መቻላቸው ነው። ስለዚህ ሥራው በየደረጃው ፎቶ ይነሳ፤ በተለይ ግድግዳው ከመሸፈኑ በፊት ሽቦውና የጋዝ ቱቦው በየት እንዳለፈ የሚያሳይ ፎቶ። ደረሰኝ አትጣሉ። ጋዙንና ኤሌክትሪኩን ፈቃድ ያለው ባለሙያ አይቶ ወረቀት ይስጣችሁ። ሊብሬው ላይ ያለው የመኪና ዓይነትም ካሁኑ ይዞታው ጋር ይግጠም።

ክብደትና መንጃ ፈቃድ

ይሄንን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ለእናንተ የማይፈቀድላችሁን መኪና እየነዳችሁ ብትጋጩ፣ ፕሪሚየሙን፣ ማለትም የኢንሹራንስ ክፍያውን፣ በወቅቱ መክፈላችሁ ብቻውን አያድናችሁም። በአውሮፓ ተራው የቢ መንጃ ፈቃድ ለረጅም ዓመታት የታወቀው ልኩ 3,500 ኪሎ ነው፤ ብዙ ሞተርሆምም ለዚህ ልክ ተብሎ ነው የሚሠራው። በእንግሊዝ ከጥር 1 ቀን 1997 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጀምሮ ፈተና ያለፈ ሰው በተራ ፈቃዱ የሚነዳው እስከ 3,500 ኪሎ ነው፤ እስከ 7,500 ኪሎ ለመንዳት ሲ1 የሚባለው ምድብ ያስፈልገዋል። ካሊፎርኒያ ደግሞ ርዝመት ነው የምታየው፤ ከ40 ጫማ የሚረዝም ሞተርሆም በተራ ፈቃድ አይነዳም።

ታዲያ 3,500 ኪሎ ሲባል ባዶው መኪና አይደለም። ከነጭነቱ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ 100 ሊትር ታንከር ሞልታችሁ ስትነሱ 100 ኪሎ ጫናችሁ ማለት ነው። በዚያ ላይ ሁለት ብስክሌት፣ ሁለት የጋዝ ሲሊንደር፣ ጎን ላይ የተገጠመው የሸራ ጥላ፣ ሶላሩ፣ ባትሪው፣ እቃው፣ ከዚያ ደግሞ እናንተ። ሁሉ ነገር ተጭኖ፣ ሰዉም ገብቶ፣ አንድ ቀን የመኪና ሚዛን ላይ አውጡትና እዩት። ልኩን ካለፈ ከግጭት በኋላ የኢንሹራንሱ ጉዳት ገማች ከሚነግራችሁ ቀድማችሁ ብታውቁት ይሻላል።

የትኛው ሽፋን ምን ይከፍላል

ሦስተኛ ወገን ሌላው ሰው ላይ ለምታደርሱት ጉዳት ነው። የናንተን መኪና አይጠግንም። በአብዛኛው ዓለም ያለ እሱ መንገድ መውጣት ክልክል ነው። የግጭት ሽፋን ከሌላ መኪና ወይም ከአንድ ነገር ጋር ስትጋጩ፣ ስትገለበጡም፣ የራሳችሁን ይጠግናል። ሌላው ሽፋን እሳት፣ ስርቆት፣ በረዶ፣ ማዕበል፣ የወደቀ ዛፍ፣ መንገድ ላይ የገባባችሁ እንስሳ ለመሳሰሉት ነው። ድልድይ ስር ስትገቡ ጣሪያው ላይ ያለውን ኤሲ ብትገነጥሉት በአብዛኛው ግጭት ነው የሚባለው፤ በረዶ ቢበሳው ሌላኛው። የሁለቱ ተቀናሽ፣ ማለትም ከኪሳችሁ የምትችሉት መነሻ ድርሻ፣ ሊለያይ ስለሚችል የቱ ምን ያህል እንደሆነ እዩ። በነገራችን ላይ የመኪናውን ቁመት፣ ኤሲውንና ሶላሩን ጨምራችሁ ለኩና በወረቀት ጽፋችሁ ከሹፌሩ ፊት ለጥፉት። ከየትኛውም ሽፋን ይረክሳል።

እስካሁን ያለው የመኪና ነገር ነው። የቤቱ ክፍል የሚጀምረው ሞተሩ ሲጠፋ ነው። ካምፕ ውስጥ ቆማችሁ እንግዳ መጣ እንበል፣ የመውጫው ደረጃ አዳለጠውና እጁ ተሰበረ። ወይም የሸራ ጥላውን ዘርግታችሁ ተኛችሁ፣ ሌሊት ነፋስ ነቅሎ ጎረቤት መኪና ላይ ጣለው። ይሄ የትራፊክ አደጋ አይደለም። የመንገድ ሦስተኛ ወገን "እኔን አይመለከተኝም" ሊል ይችላል። ለዚህ የሚሆነው መኪናው እንደ ማረፊያ ሆኖ ሲቆም የሚሠራ የተጠያቂነት ሽፋን ነው። አንዳንድ ፖሊሲ ውስጥ አለ፣ አንዳንዱ ውስጥ በተጨማሪ ክፍያ ይገባል፣ አንዳንዱ ጋ ጭራሽ የለም። ጥላው ራሱ ይሸፈን አይሸፈን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ተዘርግቶ ሳለ በነፋስ ከተሰበረ የማይከፍሉ አሉ።

ዓመቱን ሙሉ ወይም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ተራው የሞተርሆም ፖሊሲ አይበቃችሁም። ለሽርሽር ታስቦ የተሠራ ነው። ቋሚ ነዋሪ ነኝ ብላችሁ ተናገሩና የቤት ባለቤት የሚያገኘውን ዓይነት ተጠያቂነትና የእቃ ሽፋን የያዘውን ውሰዱ። ዋጋው ከፍ ይላል። "በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው የምጠቀመው" ብሎ ፈርሞ ውስጡ መኖር ግን ካሳ በጠየቁ ቀን ዋጋ ያስከፍላል።

ስንት ይከፍሉኛል?

መኪናው ሙሉ ለሙሉ ቢወድም የሚከፈላችሁ በምን ሒሳብ እንደሆነ ፖሊሲው ላይ መጻፍ አለበት። አንደኛው የዕለቱ የገበያ ዋጋ ነው፤ የእርጅና ቅናሽ ተደርጎበት፣ ከአደጋው በፊት የነበረው ዋጋ። ሁለተኛው የስምምነት ዋጋ ነው፤ ስትፈርሙ ሁለታችሁም የተስማማችሁበት ቁጥር ነው የሚከፈለው፣ ጭቅጭቅ የለም። ሦስተኛው በአዲስ መተካት ነው፤ ይሄ መኪናው ገና አዲስ በሆነባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ብቻ የሚሰጥ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ ውስጡ በደንብ የተሠራ ወይም የታደሰ አሮጌ ሞተርሆም ያለው ሰው የስምምነት ዋጋ ይፈልግ። ገበያው ዓመተ ምህረቱን ነው የሚያየው። ሊቲየም ባትሪ መግባቱን፣ ጣሪያው በአዲስ መታሸጉን ማን ይቆጥርላችኋል?

ፕሪሚየም እንዲቀንስ ብሎ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ መመዝገብ ደግሞ ብልጠት ይመስላል። ሒሳቡን እንየው። መኪናው የሚያወጣው 100 ነው እንበል፣ እናንተ 60 ነው ብላችሁ አስመዘገባችሁ። አንድ ቀን ጎኑ ተቦደሰና ጥገናው 20 ጠየቀ። "20 ከ60 ያንሳል፣ ሙሉውን ይከፍሉኛል" ትላላችሁ። ብዙ ፖሊሲ ላይ ግን የመጠን ድርሻ የሚል አንቀጽ አለ፤ የንብረታችሁን 60 በመቶ ብቻ ስላስመዘገባችሁ የጉዳታችሁንም 60 በመቶ ብቻ ይከፍላሉ። 12 ማለት ነው። ከዚያ ላይ ደግሞ ተቀናሹ ይነሳል። ስምንቱም ተቀናሹም ከኪሳችሁ ነው።

ውሃ

ሰው ኢንሹራንስ ሲያስብ ግጭት ነው የሚታየው። ሞተርሆምን ቀስ ብሎ የሚበላው ግን ውሃ ነው። ካሳም በብዛት የሚከለከለው በዚሁ በኩል ነውና እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ጣሪያው ላይ የአየር ማስገቢያ መስኮት አለ፣ የሶላር ሽቦ የገባበት ቀዳዳ አለ፣ የጣሪያና የግድግዳ መጋጠሚያ አለ። ሁሉም በሲልከን ወይም በመሳሰለው ማሸጊያ የተዘጋ ነው። መኪናው ሲሄድ ይርገፈገፋል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ማሸጊያው ይሰነጠቃል። ስንጥቁ የፀጉር ያህል ናት። ውሃው በእሷ ይገባና ወዲያው አይታይም፤ በግድግዳው ውስጥ ወደታች ይወርዳል፣ እንጨቱን ያረጥባል። ከወራት በኋላ አልጋው ጥግ ላይ ቡናማ ክብ ነገር ይታያል፣ ወይ የግድግዳው ወረቀት ያብጣል፣ ወይ ወለሉን ስትረግጡት እንደ ስፖንጅ ስርጉድ ይላል። ስትከፍቱት እንጨቱ በጣት ይፈረፈራል።

ትጠሩና ገማቹ ይመጣል። የእርጥበት መለኪያውን ግድግዳው ላይ ያስጠጋል፣ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ የተሰነጠቀውን ማሸጊያ ፎቶ ያነሳል። ከዚያ የሚመጣው ደብዳቤ "ቀስ በቀስ የደረሰ ጉዳት፣ የጥገና ጉድለት" የሚል ይሆናል። በሕጋቸው ልክ ናቸው። ኢንሹራንስ የሚከፍለው በድንገት ለደረሰ ነገር ነው። እርጅና፣ ዝገት፣ ሻጋታ፣ ብስባሽ፣ አይጥ የበላው ሽቦ፣ ብዙ ጊዜም በውርጭ የፈነዳ ቱቦ ከዚያ ውጭ ናቸው። ዛፍ ወድቆ ጣሪያውን ቢበሳውና በዚያው ዝናብ ቢገባ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ምክንያቱ ድንገተኛ ነው፣ ቀን አለው።

ስለዚህ መከላከያው ማስረጃ ነው። ቢያንስ በዓመት ሁለቴ ጣሪያው ላይ ውጡ፣ መሸከም የማይችል ከሆነ በመሰላል ከጎን እዩት፣ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ቀኑ በሚታይበት ፎቶ አንሱ። በየዓመቱ የእርጥበት ምርመራ አስደርጉና ወረቀቱን አስቀምጡ። አምራቹ የውሃ አለመግባት ዋስትና ሰጥቶ ከሆነ፣ ብዙዎቹ ዋስትናው እንዲጸና ይህንኑ ዓመታዊ ምርመራ ይጠይቃሉ። የኔ አንድ ወዳጅ ማዕበል ጣሪያውን ነቅሎበት "ድሮም ያፈስ ነበር" ሲሉት ያዳነው ከሁለት ወር በፊት ያስደረገው የምርመራ ወረቀት ነው። አንድ ገጽ ናት። እኔም ከዚያ በኋላ ነው ማስደረግ የጀመርኩት፣ እውነቱን ለመናገር።

ጎማም ከዚሁ ወገን ነው። ሞተርሆም ብዙ ስለሚቆም ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል። ጎኑ ላይ የምታገኙት ባለ አራት አሃዝ ቁጥር የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራል፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ በፈረንጅ። ጎማ ሲፈነዳ ብቻውን አይፈነዳም፣ የጎማውን ቤት፣ ከላዩ ያለውን ወለል፣ የውሃ ቱቦውን ይዞ ይሄዳል። ጎማውን ራሱን አይከፍሏችሁም፤ ያበላሸውን ሊከፍሉ ይችላሉ፣ ጎማው ያለቀ ወይም ያረጀ ሆኖ ካላገኙት።

ሌሎች የሚረሱ ነገሮች

ውስጥ ያለው እቃ። ላፕቶፕ፣ ካሜራ፣ ብስክሌት፣ ልብስ የራሱ የክፍያ ጣሪያ አለው፤ ለጠቅላላውም፣ ለአንድ እቃም። ስርቆት ከሆነ "የተሰበረ መግቢያ" ማሳየት አለባችሁ የሚሉ አሉ፤ በሩ ተከፍቶ ተሰረቀ ካላችሁ አይሆንም። ስልካችሁን ያዙና እየዞራችሁ ቪዲዮ ቅረጹ፣ እያንዳንዱን ሳጥን እየከፈታችሁ፣ የመለያ ቁጥሩን እያስጠጋችሁ። ከዚያ ወደ ኢሜይላችሁ ላኩት። ሞተርሆሙ ውስጥ ያለ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ከእሳት አያድነውም።

የመንገድ ላይ እርዳታ። ያላችሁ ለተራ አውቶሞቢል የሚሆን ከሆነ የሚመጣው ጎታች የናንተን አያነሳውም። ክብደታችሁን፣ ርዝመታችሁን፣ ቁመታችሁን ንገሯቸውና "ይሄንን የሚጎትት መኪና አላችሁ ወይ፣ እስከ ስንት ኪሎ ሜትር?" ብላችሁ ጠይቁ። መኪናው ጋራዥ ሲገባ ቤታችሁም አብሮ ስለሚገባ፣ የሆቴልና ወደ አገር መመለሻ ወጪ የሚሸፍን አንቀጽ መኖሩንም እዩ። የሞተርሆም መለዋወጫ በአንድ ቀን አይመጣም።

ድንበር። አውሮፓና አካባቢው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1953 ጀምሮ ግሪን ካርድ የሚባል የመኪና ኢንሹራንስ ማረጋገጫ ስርዓት አላቸው፣ ከ40 በላይ አገሮች ውስጥ ይሠራል። ነገር ግን ግሪን ካርዱ የሚያረጋግጠው የምትገቡበት አገር የሚጠይቀውን ዝቅተኛ ሦስተኛ ወገን ብቻ ነው። የራሳችሁ መኪና ሽፋን አብሮ መሻገሩን ፖሊሲው ነው የሚነግራችሁ፤ ውጭ የምትቆዩበት የቀን ገደብም ሊኖረው ይችላል። ሜክሲኮ ደግሞ የአሜሪካን ሦስተኛ ወገን አትቀበልም፣ የሜክሲኮ ፖሊሲ መግዛት ግድ ነው።

ማከራየት። በአፕም ሆነ በጓደኛ በኩል ገንዘብ ተቀብላችሁ ለአንድ ሳምንት ከሰጣችሁ፣ የግል ፖሊሲያችሁ ለዚያ ሳምንት የለም ብላችሁ ቁጠሩ። ንግድ ነው። አከራዩ ድርጅት የራሱን ሽፋን ይሰጣል ቢባልም ወረቀቱን ሳታዩ ቁልፍ አትስጡ።

ማቆሚያ። ክረምቱን ወይም ወራት ሙሉ የምታቆሙት ከሆነ አንዳንድ ድርጅቶች የመንገዱን ሽፋን አውርደው እሳትና ስርቆቱን ብቻ ያስቀሩላችኋል፣ ፕሪሚየሙም ይቀንሳል። ጥሩ ነው፣ አንድ አደጋ ግን አለው፤ ፀሐይ ወጣ ብላችሁ ሳትደውሉ ይዛችሁት የወጣችሁ ቀን ያለ ኢንሹራንስ ነው የምትነዱት። የት እንደሚያድርም በትክክል ንገሯቸው። "ግቢ ውስጥ" ብላችሁ መንገድ ዳር የምታሳድሩት ከሆነ ስርቆት ሲመጣ ያነሱታል። የመከታተያ ጂፒኤስና የመሪ መቆለፊያ ቅናሽ ሊያመጡ ይችላሉ፣ ጂፒኤሱ ግን ፖሊሲው ላይ ግዴታ ሆኖ ከተጻፈ የወርሃዊ ክፍያው ተቋርጦ እንዳይጠፋ።

ነገሩ የደረሰ ቀን

መጀመሪያ ሰው። ቀጥሎ ጋዙን ከሲሊንደሩ ዝጉ። ከዚያ ፎቶ፤ ከሩቅም ከቅርብም፣ የሌላኛውን መኪና ታርጋ፣ መንገዱን፣ የወደቀውን ዛፍ። ጉዳቱ እንዳይብስ ማድረግ የናንተ ግዴታ ነው፤ ጣሪያው ከተበሳ በፕላስቲክ ሸፍኑት፣ የሸፈናችሁበትን ደረሰኝ ያዙ። ሙሉ ጥገና ግን ገማቹ ሳያየው አታስጀምሩ፣ የተሰበረውንም ክፍል አትጣሉ። በዚያው ቀን አሳውቁ፤ ፖሊሲው የማሳወቂያ ገደብ አለው። ስትናገሩ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ። "ምናልባት ድሮም ትንሽ ያፈስ ነበር መሰለኝ" የምትል የዋህ አረፍተ ነገር ፋይሉ ውስጥ ገብታ ትቀራለች።

ጋራዡን ማን እንደሚመርጥም ቀድማችሁ እወቁ። ሞተሩን የሚያውቅ መካኒክ ግድግዳውንና የጋዝ መስመሩን አያውቅም፣ የቤቱን ሥራ የሚሠራውም ሻንሲውን አይነካም። አንዳንድ ፖሊሲ የራሱን ጋራዥ ያስገድዳል።

ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች በስልክ ጠይቃችሁ አትለፉ። ወኪሉ "አዎ አዎ፣ ሁሉም ይሸፈናል" ይላል፣ ጥሩ ሰው ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቦታ ይሠራል። በኢሜይል ላኩለት፦ ጥላው ተዘርግቶ በነፋስ ቢሰበርስ? ቆሜ እንግዳ ቢጎዳስ? ውድመት ቢደርስ በየትኛው ዋጋ ትከፍላላችሁ? ከአገር ውጭ ስንት ቀን? መልሱ ሲመጣ ከፖሊሲው ጋር በአንድ ፋይል አስቀምጡት።